በበላበት የማይጮህ ውሻ

ከውድድር ሜዳ ጡረታ የወጣ ግሬይሀውንድ የሚባል የሩጫ ውሻ አዲስ ቤት የገባ ቀን የሚያስፈራው ልጅም፣ የጎረቤት ውሻም አይደለም። ደረጃ ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር እንስሳ የፎቅ ቤት ደረጃ ፊት ቆሞ ጭኑ ይንቀጠቀጣል። ግትርነት እንዳይመስላችሁ፤ በሕይወቱ ደረጃ አይቶ አያውቅም። የመስታወት በር አያውቅም፣ የተወለወለ የሳሎን ወለል አያውቅም፣ ብቻውን መዋልም አያውቅም። የሚያውቀው በረድፍ የተደረደሩ የውሻ ክፍሎችን፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ወደ ግቢ መውጣትን፣ ሚዛንን፣ መነሻ ሳጥንንና ከፊቱ የሚሸሸውን ሰው ሠራሽ ጥንቸል ነው።

አሜሪካ ያለ ሀበሻ ይህን ውሻ በአካል ሳያገኘው በፊት በአውቶቡስ ጎን ላይ ተሥሎ ያውቀዋል። በ1914 በሚኒሶታ የተጀመረው የግሬይሀውንድ ኩባንያ አርማ እየሮጠ ያለ ውሻ ነው። እውነተኛው ውሻ ግን እንደዚያ የሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ነው። የተለመደው የ480 ሜትር ውድድር ከ28 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ በሳምንት ቢሮጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የቀረውን ጊዜ ይተኛል። ቤት ከገባም በኋላ በቀን 16 እና 18 ሰዓት መተኛቱ ጤንነቱ ነው። ስለዚህ ቤቱን ለእንቅልፉ፣ በሩንና ገመዱን ደግሞ ለነዚያ ሠላሳ ሰከንዶች ማዘጋጀት ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሰው ከሁለቱ አንዱን ሲረሳ ነው።

ውድድሩ ራሱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ሰው ሠራሹን ጥንቸል በሐዲድ ላይ ያስሮጠው አሜሪካዊው ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ማንቸስተር የነበረው የቤል ቩ ሜዳ በሐምሌ 1926 ተከፈተ። አሁን አሜሪካ ውስጥ እየጠፋ ነው። ፍሎሪዳ በ2018 በሕዝብ ድምፅ ከለከለችው፣ በ2020 መጨረሻ ሜዳዎቿ ተዘጉ፤ የቀሩት ዌስት ቨርጂኒያ ያሉት ሁለት ሜዳዎች ናቸው። አየርላንድ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ግን ውድድሩ ስላለ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ቤት የሚፈልግ ውሻ አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ከሆነ ጆሮዎቹን ገልብጣችሁ እዩ። በቀኝ ጆሮው የተነቀሰው የተወለደበት ወር፣ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝና ከወንድሞቹ የሚለየው ፊደል ነው፤ 107 እና አንድ ፊደል ካለ ጥቅምት 2017 ማለት ነው። የግራው የምዝገባ ቁጥር ነው።

ወደ ደረጃው እንመለስ። ሁለት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱ ከፊት ሆኖ የአንገት ማሰሪያውን ይይዛል እንጂ አይጎትትም፤ የተጎተተ ውሻ ወደ ኋላ ይመዝናል፣ ጭንቅላቱም ከማሰሪያው ሊሾልክ ይችላል። ሌላው ከኋላው ተጠግቶ ይቆምና የፊት ቀኝ እግሩን በእጁ አንስቶ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ያስቀምጣል፣ ግራውን ያስከትላል፣ ከዚያ የኋላዎቹን በየተራ። ከሆዱ በታች በቁመቱ የታጠፈ ፎጣ ብታሳልፉ ክብደቱን መደገፍ ይቀላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ አታቆዩት። መውጣቱን ቶሎ ይለምዳል፤ አስቸጋሪው መውረዱ ነው። ከላይ ጀምራችሁ አታስወርዱት። መጀመሪያ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ አቁሙትና ሁለቱን ብቻ ይውረድ፣ ቀጥሎ አራቱን። አደጋው የሚመጣው መሀል ላይ ነው፤ ይፈራና የቀረውን በአንድ ዝላይ ሊጨርሰው ይሞክራል፣ የፊት እግር የሚሰበረውም እንዲህ ነው። ስለዚህ የሚያወርደው ሰው ከውሻው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይውረድ። የሚያንሸራትት እንጨት ከሆነ ምንጣፍ ይለጠፍበት። አብዛኞቹ በጥቂት ቀን ይለምዱታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ ነው የሚወጡት።

የመስታወት በሩ ላይ በውሻው ዓይን ትክክል ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፉ። የተወለወለ ወለል ላይ ከመኝታው እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ ምንጣፍ አንጥፉ። የአንዳንዱ ውሻ ዓለም ለመጀመሪያው ወር እነዚያ ምንጣፎች ብቻ ናቸው፤ ከዳሩ አይወርድም።

አሁን ሠላሳ ሰከንዶቹ። ይህ ውሻ የሚያድነው በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ሩቅ መስክ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል ያየዋል፣ ጆሮው ይቆማል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ ሰውነቱ ይደርቃል። ይህችን አፍታ ማንበብ የቻለ ገመዱን ያሳጥራል፤ ያልቻለ ባዶ እጁን ይቀራል። ሲጋልብ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አራቱም እግሮቹ ከመሬት ይለቃሉ፦ አንዴ ሰውነቱ ተዘርግቶ፣ አንዴ አከርካሪው እንደ ቀስት ታጥፎ። በሙሉ ፍጥነቱ በሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስሙን ጠርታችሁ “ና!” እስክትሉ ሠላሳ ሜትር ርቋል፤ ደግሞም እያባረረ ሳለ አይሰማም። አልታዘዝ ብሎ አይደለም፣ ለብዙ ትውልድ የተመረጠው ከሚያባርረው ነገር ዓይኑን እንዳይነቅል ነው። በዚህ ምክንያት አጥር በሌለበት ቦታ ከገመድ አይፈታም። ሥልጠና ይህን ይለውጠዋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ትሑት ሆናችሁ ስሙትና ገመዱን አጥብቃችሁ ያዙ።

የአንገት ማሰሪያውም ልዩ ነው። የዚህ ውሻ አንገት ከጭንቅላቱ ይሰፋል፤ ተራ ማሰሪያ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጆሮው በኩል ሾልኮ ይወጣል። የሚያስፈልገው ማርቲንጌል የሚባለው፣ ሁለት ቀለበት ኖሮት ሲጎተት ብቻ የሚጠብቀው፣ ስፋቱም አራት አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። ከጆሮው ሥር፣ አንገቱ በሚቀጥንበት ቦታ አድርጉትና ገመዱን ሳብ አድርጉ። ሁለቱ ብረቶች ሊነካኩ ተቃርበው ካልተነካኩ ልኩ ነው። ከተነካኩ ሰፍቷል፤ ከዚያ በላይ ሊጠብቅ አይችልምና ጭንቅላቱ ያልፋል። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሆን ይውለቅለት፣ የላላው ቀለበት የሆነ ነገር ይዞ ሊያንቀው ይችላል። ስልክ ቁጥር ያለበት ምልክት በሌላ ቀጭን ማሰሪያ ላይ ይሁን።

ራሱን የሚጠቀልለውን ረጅም ገመድ ተዉት። ስምንት ሜትር ለላብራዶር መዝናኛ ነው፤ ለዚህ ውሻ መንደርደሪያ ነው። ገመዱ አልቆ ሲነጨው ሠላሳ ኪሎው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው፦ ወይ የእሱ አንገት ወይ የእናንተ ትከሻ ይጎዳል። መያዣው ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ያ ፕላስቲክ አስፋልቱ ላይ እየተንኳኳ ይከተለዋል፣ ውሻው የሚያባርረው ነገር ያለ መስሎት አይቆምም። ሁለት ሜትር የማይሞላ ጠፍጣፋ ገመድ፣ ቀለበቱ በእጅ አንጓ ላይ ገብቶ፣ ይበቃል። ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲተወው ነው ብዙው የሚጠፋው። ከጠፋ አታሩጡት፤ እንደማትደርሱበት ታውቃላችሁ። ቁጢጥ በሉ፣ ጎናችሁን ስጡት፣ የሚጮህ አሻንጉሊት ንፉ፣ የመኪና በር ክፈቱ። ወደ ውድድር በመኪና ሲመላለስ የኖረ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገባል።

ድመት ያለበት ቤት ሁሉ አይቻልም ማለት አይደለም። ከውሾቹ አንዳንዱ ድመት አይቶ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ በሥርዓት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ግን በጭራሽ አይሆንም። ልዩነቱን ለማወቅ ውሻው በገመድ ተይዞ፣ የአፍ ቅርጫት ለብሶ ከድመቷ ጋር አንድ ክፍል ይገባል። ስሙ ሲጠራ ዞር ካለ ተስፋ አለ። ምግብ አፍንጫው ሥር ይዛችሁለት እንኳ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ካፈጠጠ መልሱ ታውቋል። ቅርጫቱ ለሰው ዓይን ይከብድ ይሆናል፤ እሱ ግን በኬንኑ፣ ማለት በውድድር ውሾች ማደሪያው፣ ለብሶት ስላደገ ግድ አይሰጠውም፣ ውኃም ይጠጣበታል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ሶፋ ላይ አብራው የምትተኛ ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ያቺው ድመት አይደለችም። ትንንሽ ለስላሳ ውሾችም እንደዚያው። እስከዚያ ቀን ያየው የራሱን ዘር ብቻ ስለሆነ ነጭ ጸጉራም ውሻ ውሻ መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ ይወስድበታል።

ጠባዩን በአንድ ቃል በሉኝ ብባል ዝምተኛ ነው እላለሁ። “ውሻ በበላበት ይጮሃል” የሚለው ተረታችን እዚህ አይሠራም፤ ይህ በበላበትም አይጮህም። ለጥበቃ የሚፈልገው ሰው ገንዘቡን አያባክን፣ እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ይተኛል። ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚኖር ውሻም አይደለም፦ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት ነው፣ ጸጉሩ አጭርና ነጠላ ነው፣ የሐምሌን የአዲስ አበባ ሌሊት ውጭ አይችለውም። ከአሥር ዲግሪ በታች ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ፈረንጆቹ ፒጃማ የሚያለብሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፍቅሩን የሚገልጸው በመደገፍ ነው፦ ቆማችሁ ሳለ ይመጣና ሙሉ ጎኑን እግራችሁ ላይ ጥሎ ይቆማል። ሲደሰት ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፣ ይህን ከብርድ ወይም ከቁጣ አትቁጠሩት። ጩኸትና ቁጣ ግን ይሰብሩታል። አንዴ የተጮኸበት ውሻ ጆሮውን አጣጥፎ ጥግ ይይዛል፣ የተጮኸበትን ምክንያት ሳይሆን የጮኸውን ሰው ያስታውሳል።

መንገድ ላይ ድንገት ሐውልት ሆኖ ሲቆም ብዙ ሰው ይበሳጫል። መኪናው፣ ጋሪው፣ ሽታው በዝቶበት ነው። መጎተት ያባብሰዋል፤ ጥቂት ጠብቁና ወደ ጎን ክብ ሠርታችሁ አዙሩት፣ አንድ እግሩ ከተነቃነቀ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሌላው ልጅ ያለበት ቤት ሊያውቀው የሚገባ ነገር እንቅልፉ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው ይተኛሉ፣ የነቃ ይመስላል። በኬንኑ የየራሱ ሳጥን ስለነበረው ተኝቶ ሳለ ማንም ነክቶት አያውቅም። ልጅ ሄዶ ሲያቅፈው በድንጋጤ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ሳይነቃ ይነክሳል። ደንቡ አጭር ነው፦ መኝታው ላይ ያለን ውሻ ማንም አይጠጋም፣ በስሙ ተጠርቶ ራሱን ቀና አድርጎ እስኪነሳ ይጠበቃል። መኝታው ሰው የማይተላለፍበት ጥግ ይሁን፣ ስፖንጁም ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር፤ አጥንቱ ላይ ሥጋ ስለሌለ ባዶ ወለል ክርኑን ያቆስለዋል። ብቻውን መዋልን የሚለምደውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፦ አንድ ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ሦስት፣ አሥር፣ ግማሽ ሰዓት። ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ቀንና ሌሊት አብሮት የሰነበተ ሰው ሰኞ ድንገት ለስምንት ሰዓት ሲጠፋበት ውሻው በሩን ይቧጥጣል፣ ያላዝናል፣ ምንጣፉን ያበላሻል።

ምግብ ላይ ጥንቃቄው ሁለት ዓይነት ነው። በውድድር ዘመኑ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ስለኖረ ወደ ደረቅ የውሻ ምግብ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀስ እያለ ይሻገር፤ በአንድ ቀን የተቀየረበት ሆዱ ይለቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ይብላ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት አይሩጥ፣ ደረቱ ጥልቅ ስለሆነ ጨጓራው ተነፍቶ ሊዞር ይችላልና። ያ ከሆነ ሆዱ ይወጠራል፣ ለማስመለስ ይታገላል ግን ምንም አይወጣውም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ከውድድር ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ቢጨምር ደግ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጎድኖች ለዓይን ሳሳ ብለው ይታዩ፤ መንገደኛ “አታበሉትም እንዴ?” ካላላችሁ እንዲያውም ወፍሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሀበሻ ቤት ጉዳይ ነው። ቁመቱ ትከሻው ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የምድጃው ዳር አፍንጫው ሥር ነው፣ ሌብነቱም ድምፅ የለውም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መብሰሉ አያድነውም። ጉዳቱ የሚታየው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሲደርስ ነው፤ ለሠላሳ ኪሎ ውሻ ከ450 ግራም ጀምሮ ማለት ነው። አንድ ዶሮ ወጥ የሚጨርሰው ሽንኩርት ከኪሎ በላይ መሆኑን ካሰባችሁ የድስቱን ግማሽ የላሰ ውሻ አደጋ ላይ ነው፤ በየቀኑ የወጥ ፍትፍት የሚደፋለትም ቀስ በቀስ እዚያው ይደርሳል። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከዛለ ሐኪም ይየው፤ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ዛሬ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ዘቢብና ቸኮሌትም ክልክል ናቸው። ረከቦቱን ደግሞ ከፍ አድርጉ። ጭራው እንደ አለንጋ ነው፣ ሲደሰት አንዴ ሲያወዛውዘው የስኒውን ረድፍ ጠርጎ ይጥላል፤ ግድግዳ ላይ ሲመታውም ጫፉ ይደማል፣ ቶሎ አይድንም።

ለእንቅስቃሴ በቀን ሁለት ጊዜ የሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጉዞ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ በታጠረ ሜዳ መሮጥ ይበቃዋል። የአጥሩ ቁመት ከአንድ ሜትር ተኩል አይነስ። ከገመድ ሳይፈታ በፊት አጥሩን ዙሪያውን በእግር አሳዩት፣ ቀጭን ሽቦ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ አያየውም። ሙቀት ባለበት ቀን ለወራት ተኝቶ የከረመን ውሻ ድንገት አታስሩጡት። ጡንቻው ራሱን ያቃጥላል፦ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ያልፋል፣ ጀርባው ይደርቃል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። በውኃ አርሳችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ የምታዩት ጆሮው ላይ ጸጉር ያንጠለጠለው ሳሉኪ የሩቅ ዘመድ ነው። እሱ ለረጅም ርቀት ነው የተሠራው፣ ከሰውም ራቅ ይላል። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቀጭን ቆዳውና ስለ ገመዱ ያልነው ግን ለሱም ይሠራል።

ሐኪም ቤት ስትገቡ ግሬይሀውንድ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ደሙ የተለየ መሆኑንም ተናገሩ። የሌላ ውሻ ቀይ የደም ሴል መጠን ከመቶ 37 እስከ 55 ሲሆን የሱ ከ50 እስከ 63 መድረሱ ጤና ነው። በተቃራኒው 40 ቢመጣ፣ ወረቀቱ “ደህና” ቢልም፣ ለሱ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ዝቅ፣ ክሬያቲኒኑ (የኩላሊት መለኪያው) ትንሽ ከፍ ይላል፣ የታይሮይድ ሆርሞኑም በተፈጥሮው ዝቅተኛ ስለሆነ ያለ በሽታው ዕድሜ ልክ መድኃኒት የተጀመረለት ውሻ ብዙ ነው። ማደንዘዣ ላይ ቲዮፔንታል አይሰጠው፤ ስቡ ጥቂት፣ ጉበቱም መድኃኒቱን ለማስወገድ ዝግተኛ ስለሆነ ለሰዓታት አይነቃም። ከቀዶ ጥገና በኋላ የመጀመሪያው ቀን አልፎ ሁሉ ሰላም ነው ሲባል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ዙሪያ መድማት የሚጀምርባቸው አሉ። ይህን የሚከላከል መድኃኒት ስላለ ከቀዶው በፊት ጠይቁ። ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል፤ በየቀኑ ይቦረሽ፣ በውሻ የጥርስ ሳሙና እንጂ በሰው አይደለም፣ የሰው ሳሙና ውስጥ ሊኖር የሚችለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነውና።

ሲያነክስ መጀመሪያ መሬቱን ቀይሩለት። አስፋልት ላይ አንክሶ ሣር ላይ ሲደርስ ከተስተካከለ መዳፉ ሥር ካሎ ፈልጉ፤ በመሀለኛው ጣት ሥጋ ላይ ክብ፣ ጠጣር፣ ጠርዙ የሚለይ ነጥብ ነው። ሐኪም ሊነቅለው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይመለሳል፤ ሲመላለስ የጣቱን ጅማት የሚቆርጥ ቀዶ ጥገና አለ። ሣርም ላይ ካነከሰ፣ በተለይ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወለምታ ነው ብሎ ሳምንታት ማሳለፍ አይገባም። የአጥንት ነቀርሳ በዚህ ዝርያ የተለመደ ስለሆነ ራጅ ይነሳ።

ዕድሜው ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ወደ መጨረሻው የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ የተወለወለው ወለል እንደገና በረዶ ይሆንበታል፣ ያነሳችኋቸውን ምንጣፎች ታወጣላችሁ። ከደረጃው ሥር ቆሞ ያያችኋል። ያን ፎጣ በቁመቱ አጥፋችሁ ከሆዱ በታች አሳልፉለት፣ ሁለቱን ጫፍ ከጀርባው በላይ ያዙና እንደ መጀመሪያው ቀን ከኋላው ተጠግታችሁ፣ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው።